አመድ የነፋበት ፓራውልት

አዲስ አበባ ውስጥ ላቫጆ የገባ መኪና ታጥቦና ተወልውሎ ሊወጣ ሲል አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ጋሼ፣ ፕላስቲኩንም ላጥቁረው?» ባለመኪናው ራሱን ከነቀነቀ አጣቢው ጽሑፍ ከሌለው ጠርሙስ ስፖንጁ ላይ ያፈስና ፓራውልቱን፣ የጎማውን ዙሪያ፣ የስፖኪዮውን ሥር፣ በዚያው እጁም የበሩንና የመስታወቱን ጎሚኒ ያዳርሰዋል። መኪናው ገና ከወደብ የመጣ መስሎ ይወጣል። ሁለት ዝናብ ከመታው በኋላ ግን ተመልሶ ያው ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ከላቫጆ ላቫጆ ይለያያል። አንዱ ጋ ሲሊኮን ነው፣ ሌላው ጋ በናፍጣ የቀጠነ ዘይት። ለፕላስቲኩ የሁለቱ ልዩነት ያን ያህል አይደለም፤ ቢበዛ መልኩን ነው የሚነካው። ለጎሚኒው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ምክንያቱም ጎሚኒ መኪናውን ለማሳመር ሳይሆን ዝናብ ላለማስገባት የተገጠመ ዕቃ ነው።

በቅድሚያ ፕላስቲኩ። የድሮዎቹ ፎልክስዋገኖችና ፊያቶች ፓራውልታቸው ኒኬል የተነከረ ብረት ስለነበር የሚያሰጋው ዝገት እንጂ ፀሐይ አልነበረም። የፕላስቲክ ፓራውልት ይዘው ከወጡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዷ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበችው ሬኖ 5 ናት። ዛሬ ቀለም ሳይቀባ ጥቁር ሆኖ የሚገጠመው ክፍል በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው። የድግስ ወንበር የሚሠራበት ፕላስቲክ ነው፤ ለመኪና ሲሆን ግን ሲገጭ እንዳይሰነጠቅ ጎማ ይቀላቀልበታል። ጥቁረቱን የሚሰጠው በፋብሪካ የተመረተ ደቃቅ ጥላሸት ነው። ጥላሸቱ ለመልክ ብቻ አልገባም፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ውጦ የፕላስቲኩን ዕድሜ የሚያረዝመውም እሱ ነው።

ይሁን እንጂ የላይኛውን ቆዳ አያድነውም። ጨረሩ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተባብሮ የፕላስቲኩን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል። ላዩ በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች ይሞላል፣ እያደርም ዱቄት መሆን ይጀምራል። እንዲህ በተሰነጣጠቀ ገጽ ላይ ያረፈ ብርሃን ወደየአቅጣጫው ስለሚበተን ዓይን ግራጫ አድርጎ ያየዋል። ጥቁሩ ግን የትም አልሄደም፤ እዚያው ከስስ ሽፋን ሥር አለ። ዘይት ሲቀባ ስንጥቆቹ ስለሚሞሉ ወዲያው ይጠቁራል፣ ዘይቱ ሲታጠብ ደግሞ እንደገና አመድ ይመስላል። ያመዳ እግር ቅባት ሲነካው የሚሆነውን ማሰብ ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት የተመቸች ከተማ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የአየሩ መቀዝቀዝ ያዘናጋል። ሙቀት ጥፋቱን ያፋጥናል እንጂ ዋናው በዪ ጨረሩ ነው፤ እሱም በነፋሻ ቀን አይቀንስም። ዓመቱን ሙሉ በአንድ አቅጣጫ የሚቆም መኪና ፀሐይ የሚያገኘው ጎኑ አምዶ ግድግዳ ያስጠጋው ጎኑ ጥቁር እንደሆነ መታየቱ የተለመደ ነው።

ፕላስቲክ ለማደስ ከሚወጣው ጉልበት አብዛኛው የሚሄደው ለመቀባት ሳይሆን ለማጠብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። የፕላስቲኩ ገጽ ሻካራ ሆኖ ስለሚሠራ በየጉድጓዱ አቧራ፣ የቆየ ዘይትና ነጭ የሰም ቅሪት ይቀመጣል። ጨርቅ ላይ ላዩን ያልፋል እንጂ እዚያ አይደርስም። የሚሻለው ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ለብ ያለ ውሃ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር ነው፤ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ እየፈተጉ፣ በነጭ ጨርቅ እየጠረጉ፣ ጨርቁ ግራጫ ይዞ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ መቀጠል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል አንድ ጊዜ ማበስ። በአልኮል ፈንታ የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ስለሚገባበት ቅባት ትቶ ይሄዳል። መጽዳቱን ለማወቅ ጥቂት ውሃ ጣል ማድረግ ይበቃል። ጠብታው እንክብል ሠርቶ ከተንከባለለ ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ገና አልለቀቀም።

ከዚህ በኋላ ምን ይቀባ ለሚለው መልሱ ብዙ ነው። ሲሊኮን ቅባት ርካሽና ጉዳት የሌለው ነው፤ ከጥቂት ሳምንት በላይ ግን አይሰነብትም። የጫማ ቀለም ከሊስትሮ ሣጥን ወጥቶ ፓራውልት ላይ ሲያርፍ ለአንድ ቀን ሠርግ ያምራል፤ ዝናብ ሲመታው የበሩን ቀለም፣ ሲደገፉበት ደግሞ ሱሪ ያበላሻል። ለፕላስቲክ ማደሻ ተብሎ የሚሸጠው ማቅለሚያ ያለበት ፈሳሽ ከሁለቱም ይሻላል። ከሁሉም የሚበረክተው ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ነው። ከሲሊካ የሚሠራ ሆኖ ፕላስቲኩ ላይ ስለሚደርቅ በደንብ በጸዳ ገጽ ላይ ከተቀባ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሲቀባ ዳር ዳሩ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል፣ ትርፉ ሳይደርቅ ይጠረጋል፣ እስኪጠና ድረስም ውሃ አይነካውም። በሻካራ ፕላስቲክ ላይ የደረቀ ትርፍ ሸንተረር ሠርቶ ይቀራል፤ ያን ማስለቀቅ ከመቀባቱ ይከብዳል።

በውጭ አገር የአሮጌ መኪና ወዳጆች የሚወዱት አንድ ሌላ ነገር እዚህም በየጓዳው አለ፤ የተልባ ዘይት። ተልባ ከምግብ ዘይቶች ብዙዎቹ የሌላቸው ጠባይ አለው፤ አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይደርቅና ስስ ሽፋን ይሆናል። የሠዓሊዎች የዘይት ቀለም የሚሠራው በዚህ ጠባዩ ነው። ለፕላስቲክ የሚመረጠው ግን ለቀለም ሥራ ቶሎ እንዲደርቅ ተደርጎ የተዘጋጀው ነው። ለምግብ የተጨመቀው ጥሬ ዘይት ለቀናት እየተጣበቀ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጨርቁ ነው። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ከተጣለ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት ተጠራቅሞ ክብሪት ሳይጫር ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ተዘርግቶ ይሰጣል ወይም ውሃ ውስጥ ይነከራል።

በሙቀት መንፊያ ማጥቆርም አለ። እውነትም ይሠራል፤ የተሰነጣጠቀው ገጽ ለስለስ ብሎ ስለሚገጥም ግራጫው እያዩት ይጠፋል። ፖሊፕሮፒሊን ግን 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ መንፊያው አንድ ቦታ ትንሽ ከቆየ ፓራውልቱ ይጣመማል። ካልተጣመመም መከላከያ አልተጨመረለትምና ፀሐዩ ካቆመበት ይቀጥላል። ጥቁር ቀለም የሚያስቀባ ደግሞ ቀለም ቀቢውን የፕላስቲክ ፕራይመር አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት። ፖሊፕሮፒሊን በተፈጥሮው ቀለም አይዝም፤ ያለ ፕራይመር የተቀባ ፓራውልት እንደ ሽንኩርት ይላጣል።

የበሩ ጎሚኒ ሌላ ነገር ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በገበያ ላይ አለ። የተፈጥሮ ጎማ በፀሐይና በአየር ውስጥ ባለ ኦዞን ሲሰነጣጠቅ ኢፒዲኤም ለሁለቱም ይችላል። ስለዚህም ነው የሃያ ዓመት ኮሮላ የበር ጎሚኒ ዛሬም እጥፍ ዘርጋ ሲል የሚታየው። ድክመቱ አንድ ነው፤ የነዳጅ ዘር አይወድም። ናፍጣ፣ ላምባ፣ ቤንዚን፣ የሞተር ዘይት ሲቀባ ይመጠዋል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ቅርጹን ይለቃል። ተንኮሉ መጀመሪያ ላይ ያማረበት መምሰሉ ነው፤ ያበጠ ጎሚኒ ወፍሮና አብረቅርቆ አዲስ ይመስላል።

ሾፌሮች ይህን ነገር በሌላ በኩል ያውቁታል። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተር ዘይት ጠብ ማለት እንደሌለበት ለማጅ ሳይቀር ይነገረዋል፤ ምክንያቱም ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች አብጠው ፍሬኑ ይያዛል። እነዚያ ጎሚኒዎች በብዙ መኪኖች ላይ ከዚሁ ከኢፒዲኤም የሚሠሩ ናቸው። ፍሬኑ ላይ የሚፈራው ዘይት በሩ ላይ ሲሆን እንደ እንክብካቤ መቆጠሩ ያስገርማል።

በብዙ ቤት መስታወት ፊት ቫዝሊንና ግሊሰሪን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለጎሚኒ ቫዝሊን አይሆንም፤ የነዳጅ ውጤት ነው። ግሊሰሪን ግን ይሆናል፤ ኢፒዲኤም አይመጠውም፣ ጎሚኒው ከበሩ ላሜራ ጋር እንዳይጣበቅና በር ሲከፈት እንዳይላቀቅ ያደርጋል። ጉድለቱ በውሃ መታጠቡ ነው። በተሻለ የሚቆየው የሲሊኮን ግሪስ ነው፤ ሆንዳ ለመኪኖቹ ጎሚኒ ሺን ኤትሱ የተባለውን ያቀርባል። ጎሚኒው መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ከነመቀመጫው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ብዙ መቀባት ልብስና አቧራ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። ቦዲ ሊሠራ የተዘጋጀ መኪና ግን ለጊዜው ከሲሊኮን ይራቅ፤ ላሜራው ላይ የቀረ ሲሊኮን አዲሱን ቀለም እየገፋ ዓይን ዓይን ያስመስለዋል።

የተኛ ጎሚኒን ግን ቅባት አያነሣውም። ለመፈተሽ የብር ኖት በሩ መሐል አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ነው። ጠበቅ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ያለ ምንም ትግል ሹልክ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ጎሚኒው ጠፍጥፏል። ዙሪያውን በየስንዝሩ መሞከር ይገባል። መቀየር የግድ ከሆነ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ይገኛል፤ ሲገዛ ግን ሞላ ያለ መሆኑንና ውስጡ ያለው የብረት አከርካሪ አለመጣመሙን በእጅ ዳስሶ ማየት ያሻል። በሜትር የሚሸጠው ርካሽ ነው፤ ቅርጹ ካልገጠመ ወይ ያፈሳል፣ ወይም በሩን እየወረወሩ መዝጋት ያመጣል።

ወለሉ ሁሌ የሚረጥብ መኪና ሁሉ ጎሚኒው አልቋል ማለት አይደለም። በመስታወቱና በበሩ መካከል የሚገባ ዝናብ በሩ ውስጥ ወርዶ ከሥር ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች እንዲፈስ ሆኖ ነው የሚሠራው። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ወይም በፀረ ዝገት ቅብ ሲደፈኑ በሩ ሲከፈት ውሃው ውስጡ ሲንቦጫቦጭ ይሰማል፤ የበር ላሜራ ከታች ወደ ላይ የሚበሰብሰውም በዚህ ነው። ሌላው ምክንያት ከበሩ ልባስ ጀርባ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ ነው። የመስታወት ማንሻ ሊሠራ የገባ መካኒክ ላስቲኩን ቀድዶ ሳይመልሰው ከዘጋ ውሃው በቀጥታ ወደ ምንጣፉ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ያለ ጥፋቱ ጎሚኒ ያስቀይራል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ አሮጌዎቹ ኮሮላና ቪትዝ መንገድ ላይ ብዙ ይቆያሉ፤ ጎሚኒያቸውም አብሮ። አዲሶቹም ከፀሐዩ አያመልጡም። እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ያሉት ኤሌክትሪክ መኪኖች በጎማቸው ዙሪያ ቀለም ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ አላቸው። ገና ሳያምድ ሴራሚክ ላስቀባው ከግማሽ በላይ የሆነው የመፈተግ ሥራ ይቀርለታል። ለዚያ የሚመቸው ዝናቡ ያቆመበት የጥቅምት ደረቅ ሰሞን ነው፤ ጎሚኒው ግን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ቢያልቅ ይሻላል።