እጅ ነፃ ሲወጣ፦ አሮጌ ቪትዝ ላይ ብሉቱዝ ማስገጠም

አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ያላችሁ፣ ወይም ቤተሰባችሁ ያለው፣ ይህን ችግር በደንብ ታውቁታላችሁ። መኪናዋ የተሠራችው ብሉቱዝ በየመኪናው ባልነበረበት ዘመን ነው። ስልካችሁ ግን የዘንድሮ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር ስለሌለ ስልኩ በጆሮና በትከሻ መካከል ይወተፋል፣ ወይም ጭን ላይ ተቀምጦ በስፒከር ይጮኻል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ ወደ ወንበር ሥር ይወረወራል።

የአክስቴ ልጅ በአፕ እየተጠራ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ለእሱ ስልክ ማለት የሥራ ቦታ ማለት ነው። ሥራው የሚመጣው በስልኩ ነው፣ ካርታው እዚያ ነው፣ ሂሳቡም እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ ደንበኛው ይደውላል። ካርታው ላይ ነጥብ ተቀምጦ ሳለ ለምን ይደወላል? ነጥቡ ብዙ ጊዜ ሰውየው ከቆመበት ጋር ስለማይገናኝ ነው። እኛም አድራሻ የምንነግረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም፤ በምልክት ነው። «ከባንኩ ፊት ለፊት ነኝ።» የትኛው ባንክ? «ሰማያዊው።» አንድ መንገድ ላይ ስንት ሰማያዊ ባንክ እንዳለ እናንተው ቁጠሩት።

እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ ይዞ ማውራት ያስቀጣል። የአክስቴን ልጅ ግን ከቅጣቱ በላይ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። መኪናዋ ማኑዋል ናት። አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ማርሽ ላይ ነው። ለስልክ የሚተርፍ ሦስተኛ እጅ የለም። «ወይ እጅ ግዛልኝ ወይ ብሉቱዝ» አለኝ። ቴክኖሎጂ ነገር አብዝቼ ስለማወራ ቤተሰቡ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ወደ እኔ ነው የሚልከው።

ገበያ ላይ ያለው ምርጫ ከላይ ሲታይ ብዙ ይመስላል፤ ሲጠቃለል ግን አራት ዓይነት ነው። በጣም ርካሹ የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ኤፍኤም ትራንስሚተር ነው። ስልኩን በብሉቱዝ ይቀበልና ድምፁን በትንሽ የሬዲዮ ሞገድ ወደ መኪናው ቴፕ ይልካል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ እኛ ከተማ ላይ ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ የኤፍኤም መስመር ተጨናንቋል። ባዶ ቦታ አገኘን ብላችሁ ስታወሩ፣ አንድ ዳገት ስትወጡ ጣቢያ ይገባና ከእናታችሁ ድምፅ ጋር የስፖርት ዜና ይቀላቀላል። ሁለተኛው እንቅፋት የጃፓን መኪና ያላችሁን ይመለከታል። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ይጀምራል፤ የድሮዎቹ ሬዲዮኖች 90 ላይ ያልቃሉ። ፋና 98.1 ነው፣ ሸገር 102.1 ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ መኪኖች አንቴና ገመዳቸው ላይ ሞገዱን ዝቅ አድርጋ የምታሳይ ትንሽ ዕቃ የሚገጠምላቸው፤ ሬዲዮው ላይ የምታዩት ቁጥርና ጣቢያው የሚጠራው ቁጥር የማይገጥመውም በእሷ ምክንያት ነው። ትራንስሚተሩን 95 ላይ አድርጋችሁ ቴፑ ላይ 95 ስትፈልጉ ብትውሉ አይገኝም። ቴፑ እዚያ አይደርስም።

ሁለተኛው ዓይነት የፀሐይ መከላከያው ላይ የሚቆነጠጥ፣ የራሱ ባትሪና ስፒከር ያለው ነው። ሽቦ አይነካም፤ ግን ድምፁ ትንሽ ነው፤ ቻርጅ ማድረግም ይረሳል። ሦስተኛው ቴፑን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ብሉቱዝ ያለው፣ ወይም ትልቅ ስክሪን ያለው ማስገባት ነው። ወጣቱ ሁሉ ስክሪኑን ነው የሚወደው። እኔ ግን ለሾፌር አልመክርም። ስልኩን ከፊቱ አንሥተን ቴሌቪዥን ልናስቀምጥለት ነው እንዴ?

አራተኛው፣ እኛ የመረጥነው፣ ተገጣጣሚ ኪት የሚባለው ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የምትደበቅ ትንሽ ሣጥን፣ አንድ ማይክ፣ መሪው አጠገብ የምትለጠፍ ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ እና በቴፑና በስፒከሮቹ መካከል የሚገባ ገመድ። ስልክ ሲጠራ ሣጥኗ የሬዲዮውን ድምፅ ታቋርጥና ጥሪውን በመኪናው ስፒከር ታሰማለች። ስትዘጉ ሬዲዮው ይመለሳል። የነበረው ቴፕ እንዳለ ይቀጥላል፤ ሌባ የሚያየው አዲስ ነገርም የለም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስትገዙ አንድ ጥያቄ አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ «ይሄ ጥሪ ያስተናግዳል ወይስ ዘፈን ብቻ?» ብሉቱዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ዘፈን የሚያስተላልፈው አሠራርና ጥሪ የሚያስተላልፈው አሠራር ለየብቻ ናቸው፤ ዘፈን ብቻ የሚያጫውት ዕቃ ጥሪ ሲመጣ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በወጣው የጥሪ ስታንዳርድ የሚሠሩ ዕቃዎች ደግሞ ሰፋ ያለ ድምፅ መቀበል ስለሚችሉ ንግግሩ ጥርት ይላል። የድሮዎቹ ሰውን ሁሉ ጉንፋን የያዘው ያስመስሉታል።

ዕቃውን ይዘን ሶማሌ ተራ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሄድን። መጀመሪያ ያደረጉት የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት ነው። ይህን ሳያደርግ ካቻቢቴ ዳሽቦርድ ውስጥ የሚያስገባ ባለሙያ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቀጥሎ ቴፑን አወጡት። ከቶዮታ ቴፕ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሶኬት ታገኛላችሁ፤ አንዱ ባለ 10፣ ሌላው ባለ 6 እግር። ትልቁ ኤሌክትሪኩንና የፊት ስፒከሮቹን፣ ትንሹ የኋላዎቹን ይይዛል። ለእነዚህ የሚገጥም መሸጋገሪያ ሶኬት ገበያ ላይ አለ። እሱን ካገኛችሁ አንድም የፋብሪካ ሽቦ ሳይቆረጥ ሥራው ያልቃል፤ ነገ ኪቱን ብትፈልጉ አውጥታችሁ መኪናዋን እንደነበረች ትሸጧታላችሁ። «ቆርጠን እንቀጥለዋለን» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ጊዜ ቆጥቦ ይሆናል፤ የሚቆረጠው ግን የእናንተ መኪና ነው።

ዋናው ጉዳይ ሁለቱን የኤሌክትሪክ መስመሮች አለማምታታት ነው። አንዱ ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣ፣ ቁልፍ ቢኖርም ባይኖርም ሁልጊዜ 12 ቮልት ያለው ነው። ሌላው ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው ነው። በብዙ ተገጣጣሚ ቴፖች የመጀመሪያው ቢጫ፣ ሁለተኛው ቀይ ነው፤ የፋብሪካው ሽቦ ቀለም ግን ሌላ ነው፤ አንዳንድ ኪቶችም የራሳቸው ቀለም አላቸው።

«ጋሼ፣ በቀለም አይታወቅም?» አልኳቸው።

«በቀለም የሚያውቅ ፊውዝ ሲያቃጥል ይውላል» አሉና የመፈተሻ መብራታቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ሽቦ አይዋሽም፤ ቀለም ነው የሚዋሸው።»

ሁለቱም መስመር ባትሪው ላይ ቀጥታ ቢታሰር ምን ይሆናል? ለጊዜው ምንም። ኪቱ ይሠራል፣ ባለሙያው ሂሳቡን ይቀበላል፣ እናንተም ትሄዳላችሁ። ኪቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። መኪናዋ ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች ባትሪው ሊደክም ይችላል። ከዚያ የሚያስቀው ደግሞ፣ መኪናዋ በር ላይ ከቆመች ስልካችሁ ቤት ውስጥም ከእሷ ጋር እንደተገናኘ ይቀራል። ሳሎን ተቀምጣችሁ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስትሉ የደዋዩ ድምፅ ውጪ፣ ባዶ መኪና ውስጥ ይናገራል። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ ቁልፉን ነቅላችሁ ስልካችሁን እዩ። ብሉቱዙ ካልተቋረጠ ሒሳብ አትክፈሉ።

ቀሪው ማይኩ ነው፤ እኔ ብዙ ጊዜ የወሰድኩትም እሱ ላይ ነው። ሰዎች ሽቦ ላለመጎተት ብለው ቴፑ አጠገብ ያስለጥፉታል። እዚያ የንፋስ መውጫው አለ፣ የማርሹ ድምፅ አለ፣ ከስፒከሮቹም አይርቅም። ማይክ የስፒከርን ድምፅ ሲሰማ የሚያስተጋባው በእናንተ በኩል አይደለም፤ ደዋዩ የራሱን ድምፅ ተመልሶ ይሰማል። እናንተ ምንም ስለማይታወቃችሁ «ኔትወርኩ ነው» ትላላችሁ። ጥሩው ቦታ ከላይ፣ የውስጥ መስታወቱ አካባቢ ወይም የፀሐይ መከላከያው ሥር፣ አፍንጫው ወደ ሾፌሩ አፍ የዞረ ነው። ሽቦው በጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ ውስጥ ይገባና በጎን ይወርዳል። ጎኑ ላይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለ ግን ሽቦው ከኤርባጉ ፊት እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፤ ሲፈነዳ መንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ከዚያ መኪናዋን አስነሥታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁም ዘግታችሁም፣ ለሰው ደውሉና እሱ ምን እንደሚሰማ ጠይቁ። ቆሞ ብቻ መሞከር ሙከራ አይባልም።

ሁሉም ተገጥሞ ጉዞ ጀመርን። መጀመሪያ ያየነው ችግር የስም ነው። ኪቷ የስልኩን ስሞች ወደ ትንሿ መስኮቷ ታመጣለች፤ በአማርኛ የተመዘገበው ሁሉ ግን የጥያቄ ምልክት ሆነ። ፊደላችንን አታውቅም። በድምፅ ደውልልኝ ማለትም አልሆነም፤ «እማዬ» ሲላት ዝም፣ «እማዬ!» ሲላት የማይታወቅ ቁጥር። በየቀኑ የሚደውልላቸውን አምስት ስድስት ሰዎች ስም በላቲን ፊደል ቀየርንለት።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ጥሪው አሁን በአራቱ ስፒከር ነው የሚሰማው። ኋላ የተቀመጠችው ደንበኛ የሚስቱን ድምፅ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕቁቡን ጉዳይ ሁሉ ትሰማለች። ኪቶች ላይ «በራሱ ያንሣ» የሚል ምርጫ አለ፤ ስልኩ ሁለት ጊዜ ከጠራ በኋላ ማንም ሳይነካው ይከፈታል። በመጀመሪያው ቀን ተሳፋሪ እያለ ተከፈተና ከዚያ ማዶ ባለዕዳ ያለ ሰላምታ ጀመረ። ወዲያው አጠፋነው። አሁን ሲያነሣ የመጀመሪያው ቃሉ «ሰው ይዣለሁ» ነው። ሀገሬው ሁሉ የሚገባው ቃል ነው፤ ወሬው በአንድ ጊዜ ያጥራል።

ሦስተኛውን ያየሁት አጠገቡ ተቀምጬ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ሣር ቤት እየሄድን ደንበኛ ደወለች። ሁለት እጁ መሪ ላይ ነው፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፣ ማይኩ ጥርት አድርጎ ይሰማል፤ ሁሉም እንዳሰብነው። እሷ የቆመችበትን ትነግረዋለች፦ ከፋርማሲው አለፍ ብሎ፣ ኮብልስቶኑን ይዞ፣ አረንጓዴ በር። እሱ «እሺ፣ እሺ» ይላል። ፊት ለፊታችን አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሊያነሣ ቆመ። ፍሬኑን እኔ በባዶ እግሬ ረገጥኩ፤ እሱ ከእኔ በኋላ ነው የረገጠው። አልነካነውም። ሚኒባሱን ግን አይቶት ነበር፤ ዓይኑ እዚያው ነው። አእምሮው ነው አረንጓዴውን በር ሲፈልግ የነበረው።

ይህ የእሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ቶሮንቶ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ስልክ ያላቸውና ግጭት ያጋጠማቸው 699 ሾፌሮችን የስልክ መዝገብ አጥንተው፣ ስልክ እያወሩ የመጋጨት ዕድል አራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳተሙ። የሚገርመው፣ በእጅ በማይያዝ ስልክ የሚያወሩት ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ ከዚያ በኋላ በመንዳት ማስመሰያ ላይ ደጋግመው ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ደግሞ ስልክ የሚያወራን ሾፌር አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው ጋር ከሚያወራ ሾፌር ጋር አነጻጸሩ። መታጠፊያቸውን አልፈው የሄዱት በብዛት ስልክ ላይ የነበሩት ናቸው። አጠገብ ያለው ሰው መንገዱን ያያል፤ ነገሩ ሲጠብ ዝም ይላል፣ አንዳንዴም «ተጠንቀቅ» ይላል። የደወለችው ልጅ ግን ሚኒባሱን አታየውም። አረንጓዴ በሯን መናገር ትቀጥላለች።

ታዲያ ኪቱ ለምን ተገጠመ? እኔ አሁንም አስገጥሙ ነው የምለው። ስልክ ለመፈለግ ወንበር ሥር ከመጎንበስ፣ ቁጥር ለማየት ዓይንን ከመንገድ ከማንሣት፣ በአንድ እጅ ቀለበት መንገድ ላይ ከመታጠፍ ያድናል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን የተገዛው ሦስተኛ እጅ ነው፤ ሁለተኛ ጭንቅላት የሚሸጥ ሱቅ ሶማሌ ተራም የለም።

የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ተናደደ። «ካላነሣሁ ትሰርዘዋለች፤ ስሰረዝ የምበላው አንተ ጋ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ደንበኞቹ እናንተና እኔ ነን። መኪናው እየቀረበ መሆኑን ካርታው ላይ እያየን «የት ደረስክ?» የምንለው፣ ካልተነሣም ደጋግመን የምንደውለው እኛው ነን። ያንኑ አረንጓዴ በር በአጭር መልእክት መጻፍ ይቻላል፤ ሲቆም ያነበዋል።

ተከራክረን አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ስልኩ ሲጠራ መሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ይጫንና «እየነዳሁ ነው፣ ቆሜ ልደውልልሽ» ይላል። ከዚያ ዳር ይዞ፣ አደጋ መብራቱን አብርቶ፣ አድራሻውን ቆሞ ይሰማል። ማቆሚያ የሌለበት መንገድ ላይ ይቸገራል፤ አንዳንዷ «ቆሜ» የሚለውን ሳትሰማ ትዘጋለች፤ የተሰረዘበትም ጉዞ አለ። ባለፈው ሰኞ ደውዬለት ይህንኑ አለኝ፤ በአራት ቃል ዘጋብኝ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ ማይኩ ጥሩ ቦታ ላይ ነው።