አልኮርና ሚዛር፦ ጎረቤት ወይስ ዘመድ?

ጋያ የተባለችው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራዋን አብቅታ ተዘጋች። ከአሥር ዓመት በላይ የሁለት ቢሊዮን ገደማ ኮከቦችን ቦታና ርቀት ለክታለች። የጥንድ ኮከቦች ጥናት ከዚህ ብዙ አትርፏል፤ ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ኮከቦች በስበት የተሳሰሩ ዘመዳሞች ይሁኑ ወይም በአንድ አቅጣጫ የተገጣጠሙ ጎረቤቶች፣ ርቀታቸው ሲታወቅ ይለያል። ሻርል ሜሲዬ እ.ኤ.አ. በ1764 የመዘገበው ጥንድ፣ ሜሲዬ 40፣ በዚህ መንገድ ተፈታ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 አንዱ 455፣ ሌላው 1,140 የብርሃን ዓመት ገደማ እንደሚርቁ ታወቀ።

እኔን የሚስበኝ አልኮር ነው። በታላቁ ድብ ጅራት መሃል ከደማቁ ሚዛር አጠገብ ፈዝዞ የሚታይ፣ እንደ ፀሐያችን ገና ሃይድሮጂኑን የሚያነድ ነጭ ኮከብ ነው፤ ርቀቱ 82 የብርሃን ዓመት ገደማ። ሚዛርን ቤኔዴቶ ካስቴሊ እ.ኤ.አ. በ1617 በቴሌስኮፕ ሁለት ሆኖ አየው። እ.ኤ.አ. በ1889 ደግሞ ኤድዋርድ ፒከሪንግ አንደኛው ራሱ ጥንድ መሆኑን ከብርሃኑ መስመሮች መከፈል ደረሰበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 «ቡና» ያለችውን ኮከብ የምትዞረው ፕላኔት «አቦል»ም የተገኘችው በዚሁ ዘዴ፣ የብርሃን መስመሮችን መወዛወዝ በመከታተል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የኤሪክ ማማጄክ ቡድን አልኮርም ትንሽ ቀይ ጓደኛ እንዳለው አሳይቶ፣ ከሚዛር ኮከቦች ጋር ሁሉም በስበት የተሳሰሩ ናቸው አለ። ተጠራጣሪዎች ግን ሁሉም የአንድ ተጓዥ የኮከብ መንጋ አባላት ስለሆኑ አብሮ መጓዝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። ጋያም እዚህ ብዙ አልረዳችም፤ ሚዛር ለመሣሪያዋ ከመጠን በላይ ደማቅ ነው። እኔ ወደ ማማጄክ አደላለሁ፤ በሰማይ ላይ የሚታየው የአልኮርና የሚዛር ክፍተት ሲሰላ ሲሶ የብርሃን ዓመት እንኳ አይሞላም።

አልኮርን ለማየት የአዲስ አበባዋ አቃቂም ትመቻለች፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ናት። በግንቦት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ከጠራ፣ በሰሜን አልኮርን፣ በደቡብ ደግሞ አልፋ ሴንታውሪን በአንድ ምሽት ማየት ይቻላል። የአልፋ ሴንታውሪ ሁለት ኮከቦች አከራካሪ አይደሉም፤ በ80 ዓመት ገደማ አንዴ ይዟዟራሉ። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ ለአልኮር ግን ከፋብሪካ መብራት ራቅ ያለ ሜዳና ጤነኛ ዓይን ይበቃል። የአቃቂ ቃሊቲ የሳይንስ መምህራን፣ በዚህ ግንቦት ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።