«ሉዶልፍ»፦ የአንድ ጀርመናዊ የቤተሰብ ስም አመጣጥና ፍች

የአማርኛን ሰዋስው ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚለው ስም ጋር መተዋወቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የተወለደው ይህ ሊቅ፣ በሮምና በጎታ ከአባ ጎርጎርዮስ የቀሰመውን ዕውቀት መሠረት አድርጎ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ኢዮብ የሚለውን ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ እናውቀዋለን። «ሉዶልፍ» ግን ምን ማለት ነው? ይህ አጭር ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

ስሙ ከሁለት ጥንታዊ የጀርመንኛ ቃላት የተገነባ ነው። የመጀመሪያው «ሊውት» ሲሆን ፍቹ «ሕዝብ» ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ዎልፍ»፣ ማለትም «ተኩላ» ነው። የሊቁ ስም «ሎይትሆልፍ» ተብሎም ይጻፍ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ቃል በዚህ አጻጻፍ ጎልቶ ይታያል። «ሩዶልፍ» (ዝናና ተኩላ) እና «አዶልፍ» (ክቡርና ተኩላ) የተባሉት ስሞችም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። እኛ ስምን እንደ ንግግር ማንበብ ለምደናል። «ሺመልስ» ስንል ግስና ተሳቢ ተቀናጅተው ምኞት ይገልጻሉ፤ «ተስፋዬ» ስንል ወላጅ ሲናገር ይሰማናል። የጥንቶቹ የጀርመን ስሞች ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት የተከበሩ ቃላትን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ አያልፉም። ስለዚህ «ሉዶልፍ»ን «የሕዝብ ተኩላ» ብሎ መተርጎም ስሙ ያላለውን ማስባል ነው። ከዚህም በላይ፣ «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» የሚለውን አነጋገር ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ተኩላ የተንኮል ምልክት ነው፤ ለስሙ አውጪዎች ግን የጦረኛ ብርታት ምልክት ነበር።

«ሉዶልፍ» በመጀመሪያ የአንድ ሰው መጠሪያ ነበር። ከ12ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ በጀርመን ከተሞች የቤተሰብ ስም ቀስ በቀስ እየተለመደ ሲሄድ፣ አንዳንዱ ከሙያ («ሽሚት»፣ ቀጥቃጭ)፣ አንዳንዱ ከቦታ፣ አንዳንዱ ከመልክ ወይም ከጠባይ፣ ሌላው ከአባት መጠሪያ ተወሰደ። «ሉዶልፍ» ከመጨረሻው ወገን ነው። ስሙ ለልጅ ልጅ መተላለፍ ከጀመረ በኋላ ተሸካሚው ስለ ተኩላም ሆነ ስለ ሕዝብ ማሰብ አላስፈለገውም።

ታዲያ የስሙ ትርጉም ጠፋ ማለት ነውን? አይደለም፤ ተለወጠ እንጂ። የኢዮብ የወንድም ልጅ ሃይንሪሽ ቪልሄልም ሉዶልፍ በ1696 የሩሲያኛ ሰዋስው በኦክስፎርድ አሳትሟል። በሁለት ዓመት ልዩነት የታተሙት የሩሲያኛና የአማርኛ ሰዋስዎች ከአንድ ቤተሰብ መውጣታቸውን ለአንባቢ የሚጠቁመው ይኸው የጋራ ስም ነው። በእኛ ልማድ የአጎትና የወንድም ልጅ ዝምድና እንዲህ ከስም ላይ በቀላሉ አይነበብም።

እንግዲህ የቤተሰብን ስም የሚመረምር ተማሪ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማንሣት ይኖርበታል፦ ቃሉ ከየት መጣ? ስሙስ ለተሸካሚዎቹ ምን ሠራ? የመጀመሪያው መልስ ሕዝብና ተኩላ ነው፤ የሁለተኛው መልስ ግን ዘመድ ነው።