ኮምፒውተሩ ያረጃል፣ ፎቶው ግን ይቆይ

ሙዚየሞች ለፎቶ ስቱዲዮአቸው ኮምፒውተር ሲመርጡ ከሚያስቡት ለቤተሰብ አልበምዎ የሚሆን ምክር

በሆላንድ አምስተርዳም የሚገኘው ራይክስሙዚየም፣ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1642 የጨረሰውን «የሌሊት ዘብ» የተሰኘ ሥዕል ፎቶ አንስቶ በ2022 ለሕዝብ አቅርቧል። ሲያዩት አንድ ፎቶ ነው፤ የተሠራው ግን 8,439 ፎቶዎች በኮምፒውተር ተገጣጥመው ነው። መጠኑ 5.6 ቴራባይት ነው፤ እያንዳንዳቸው 256 ጊጋባይት የሚይዙ 22 ስልኮችን ጢም አድርጎ ይሞላል ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ያህል የደከሙት ሥዕሉ በዕድሜ ብዛት እንዴት እየተለወጠ እንደሆነ በቅርበት ለመከታተል ነው።

ሁሉም ሙዚየም እንዲህ ያለ ግዙፍ ፎቶ አያነሳም። የአብዛኞቹ ስቱዲዮ የዘወትር ሥራ የሸክላ ዕቃውን፣ ጌጣጌጡን፣ የብራና መጽሐፉንና የጥንት ልብሱን በየተራ ማንሳት ነው። ሆኖም ጥቂት በጥቂት ይከማቻል። በ50 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ አንድ ፎቶ ሳይጨመቅ በሙሉ ጥራቱ ሲቀመጥ 300 ሜጋባይት ያህል ሊይዝ ይችላል። በቀን 20 ዕቃ፣ እያንዳንዱም በ6 አቅጣጫ ቢነሳ 36 ጊጋባይት ይሆናል። በ22 የሥራ ቀናት ደግሞ ወደ 800 ጊጋባይት ይጠጋል።

ስለዚህ የስቱዲዮ ኮምፒውተር የሚመርጥ ሰው ፍጥነትን ከማየቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ፎቶውን በትክክል ያሳያል ወይ? ሳይጠፋስ ያቆያል ወይ?

የማይዋሽ ስክሪን

ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ስክሪን ብዙውን ጊዜ ቀለም የሚያጋንን ነው። ለፊልምና ለጌም ደስ ይላል፤ ለሙዚየም ግን አይሆንም። የደበዘዘው ቀይ ደማቅ መስሎ ከታየ ባለሙያው ያልተበላሸውን «ያስተካክላል»። በዚህ ምክንያት ስቱዲዮዎች ለስክሪን ገንዘብ አይሰስቱም። ቀለም በሚለካ ትንሽ መሣሪያ በየጊዜው ያስተካክሉታል፤ የክፍሉን ግድግዳ ግራጫ ይቀቡታል፤ የመስኮት ብርሃንም እንዳያርፍበት ይጋርዱታል።

ጉልበቱ የት ያስፈልጋል?

ሥራውን ለሁለት ኮምፒውተር ማካፈል የተለመደ ነው። አንደኛው ከካሜራው ጋር በኬብል ተገናኝቶ ፎቶውን ይቀበላል፤ ለእሱ የማይቋረጥ ግንኙነት ይበቃዋል። ሁለተኛው ፎቶ የሚስተካከልበት ነው። ትልልቅ ፋይሎችን አንድ ላይ ስለሚከፍት ሰፊ ራም ይፈልጋል፤ 32 ጊጋባይት ጥሩ መነሻ ነው። ራም ያነሰው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይንፏቀቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ዩፒኤስ ከዕቃው ዝርዝር መቅረት የለበትም።

ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ

ማንኛውም ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን ይበላሻል። ለዚህ መፍትሔው ምን እንደሆነ የሀገራችን ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ሲጀመር፣ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ እንዲቀመጥ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል ወደሚገኝ ቤተ መጻሕፍት እንዲሄድ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ አብዮትም ጦርነትም አይታለች። ብዙዎቹ ፊልሞች ግን ዛሬ ወደ ዲጂታል ተቀይረው በኢንተርኔት ይነበባሉ።

ወደ ቤትዎ ስንመጣ

የአባትና እናትዎ የሠርግ ፎቶ ሌላ ቅጂ ከሌለው፣ ለቤተሰብዎ ከሙዚየም ዕቃ አይተናነስም። የቤት ኮምፒውተር ሲገዙ እነዚህን ያስቡ፦

• በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ይቀንሱ እንጂ ከማስቀመጫው አይቀንሱ። ለቤተሰብ ፎቶ 16 ጊጋባይት ራምና 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ለብዙዎች ይበቃል።

• በተረፈው ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስክ ይግዙ። አንዱ ቤት ይቀመጥ፤ ሌላውን ለወንድምዎ ወይም ለእህትዎ ይስጡ። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ቅጂዎችን አንድ ሌባ ይዟቸው ሊሄድ ይችላል።

• የቆዩ ፎቶዎችን ስካን ሲያደርጉ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ የሚያሳምሩት ቅጂውን ይሁን።

• በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ዲስኮቹን ከፍተው ፎቶዎቹ መታየታቸውን ያረጋግጡ።

• በፋይሉ ስም ላይ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ይጻፉ። ሙዚየም ያለ መግለጫ ዕቃ አይመዘግብም። በዚያ ፎቶ ጥግ የቆመችው ልጅ ማን እንደሆነች የሚያውቁት ምናልባት አያትዎ ብቻ ናቸው። ኮምፒውተሩ ተገዝቶ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይጠይቋቸው።