ጆሮ ለማስተካከል ከባልባላ ሲነሡ

ወደ ጎን የወጣ ጆሮን ለማስተካከል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከመስማት ጋር ጉዳይ የለውም። ጆሮው የወጣው የላይኛው እጥፋት በደንብ ስላልታጠፈ ወይም መሃሉ ከመጠን በላይ ስለጎደጎደ ነው። ሐኪሙ ከጆሮ ጀርባ ቆዳውን ከፍቶ ለስላሳውን አጥንት በማይሟሟ ክር ያጥፈዋል፤ ብሪታኒያዊው ጃክ ሙስታርዴ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ስፌት ዛሬም ይሠራበታል። አዋቂ ቦታው ብቻ ደንዝዞለት፣ ሕፃን ደግሞ ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጆሮ አብዛኛውን እድገቱን በ5 ወይም በ6 ዓመት ስለሚጨርስ ከዚያ በፊት አይቸኮልም።

የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ሁለት ሌሊት ነው። የጆሮ ለስላሳ አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከላዩ ከተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው። በመካከላቸው ደም ከተጠራቀመ አጥንቱ ይሞትና ጆሮው ይጨማደዳል። ምልክቱ በአንድ ወገን ብቻ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ሐኪም ሲመርጡ ታዲያ ከዋጋው በፊት «ሌሊት ቢያመኝ ማን ስልክ ያነሣል?» ብለው ይጠይቁ።

በጅቡቲ ከተማ ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ባልባላ ለሚኖር ሰው ትልቁ ፔልቲዬ ሆስፒታል እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ሐኪሜን አዲስ አበባ እፈልጋለሁ ያለም ከነጋድ ጣቢያ ባቡር አለለት፤ እዚያ የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። የትም ይሁን፣ ሐኪሙ በፕላስቲክ ወይም በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆኑን፣ ጆሮም ደጋግሞ የሠራ መሆኑን ያጣሩ። የእርስዎን መልክ በሚመስል ቆዳ ላይ የሠራውን በፎቶ ያሳይዎ። «ጆሮዎን ሲበሱ ቁስሉ አብጦ ቀርቶ ያውቃል?» ብሎ ካልጠየቀዎት እኔ ብሆን ተነሥቼ እሄዳለሁ። ኬሎይድ የሚባለው እብጠት በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ጆሮ ደግሞ ዋና መኖሪያው ነው።

አዲስ አበባ የተሠራለት ሰው ፋሻው ተፈትቶ እስኪታይ እዚያው ይሰንብት። ከዚያ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ አራት፣ ስድስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ጆሮን የሚደግፍ ማሰሪያ አድርጎ በጀርባ መተኛት ነው። ሻሽ ፋሻውን ይደብቃል፤ ግን ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ ቁስሉን ይጫናል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሐምሌ ሙቀት ፋሻ በላብ ይርሳል፣ ስለዚህ ቀጠሮውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ማድረግ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ የሚጠበቀው ጫትም ለጊዜው ይቅር፤ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋልና ደም ሊያፈስ ይችላል። ሲጋራም እንዲሁ፤ የደም ሥር አጥብቦ የቁስሉን መዳን ያዘገያል።

ኬሎይድ ከወራት በኋላም ሊነሣ ይችላል። ገና ትንሽ ሳለ የስቴሮይድ መርፌ ያሳንሰዋል፤ ለዚያ አዲስ አበባ መመለስ ላያስፈልግ ይችላል። የጅቡቲ ሐኪሞች የሚሠሩት በፈረንሳይኛ፣ የአዲስ አበባዎቹ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ አስተርጉመው ይያዙ።