የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቋንቋ ያስተምራልን?



በዚህ ዘመን በየቤታችን የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ልጆች በወላጆቻቸው ፔለፎን ላይ የቋንቋ መማሪያ ፕሮግራም ይጭኑላቸውና «በዚህ ዕብራይስጥ ተማሩ» ይሏቸዋል። ወላጆችም በበኩላቸው «ለልጅ ልጆቻችን አማርኛ የሚያስተምር እንዲህ ያለ ነገር ይገኝ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ሁለት መልክ ቢኖረውም ሥሩ አንድ ነው፤ መሣሪያ በመምህር ፈንታ ሊቆም ይችላልን? እኛም መልሳችንን አስቀድመን እንናገርና ምክንያቱን ቀጥለን እንዘረዝራለን። ፕሮግራሙ ፊደልንና ቃላትን ለማስያዝ መልካም ረዳት ነው፤ አንደበትን የሚፈታው ግን ሰው ነው።

ሕዝባችን ቋንቋ የተማረባቸው መንገዶች

በአገር ቤት ንባብ የሚማር ልጅ በቄሱ ፊት ተቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየደጋገመ ፊደሉን ይይዝ ነበር። ኦሪት የሚነበበው በግዕዝ ስለ ሆነ በቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ በጆሮው እየሰማ በቃሉ ያጠና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ 12 ወጣቶች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል፣ ወደ ክፋር ባትያ ተልከው ዕብራይስጥ ተማሩ፤ ዓላማውም ተመልሰው በመንደሮቻችን እንዲያስተምሩ ነበር። በዚህ አገር ኡልፓን ኤጽዮን በ1949 በኢየሩሳሌም ተከፍቶ ነበርና፣ ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት አዋቂዎች ብዙዎቹ ዕብራይስጥን የጀመሩት በኡልፓን ነው። ከእነርሱም ብዙዎች በየትኛውም ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ስላልተማሩ፣ ቋንቋውንና ፊደሉን በአንድነት መሸከም ነበረባቸው።

በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ያልተለወጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ መደጋገም ነው፣ ሁለተኛው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ነው። የዛሬው ፕሮግራም የመጀመሪያውን አሟልቶ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ግን ሊሰጥ አይችልም።

በምን ይረዳል?

ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ሰው አዲስ ያጠናውን ነገር ብዙውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደሚረሳው፣ ጊዜ እየለየ ቢደጋግመው ግን እንደሚጸናለት አሳየ። በ1972 ሴባስቲያን ላይትነር ይህን በካርድና በሳጥን አሠራር አስረዳ፤ የታወቀው ቃል ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፋል፣ የተረሳው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በ2006 የወጣው አንኪ የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ ስሌት በኮምፒዩተር ይሠራል፤ በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው ዱኦሊንጎም የተማሩትን እየመለሰ ያስደግማል። ስለዚህ የትኛው ቃል መቼ መደገም እንዳለበት ማሰብ የተማሪው ሸክም መሆኑ ቀርቷል።

ሌላም ጥቅም አለው። በወጣቶች ፊት መሳሳትን የሚያፍር አዛውንት፣ አንዱን ቃል ሃያ ጊዜ ቢያዳምጥ የሚስቅበት የለም። ከሥራ በኋላ ማታ የሚማር ሰውም የክፍል ሰዓት አያልፍበትም።

ጉድለቱ የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ የማስተማሪያው ቋንቋ ነው። የዱኦሊንጎ የዕብራይስጥ ትምህርት በ2016 ሲወጣ የተሰናዳው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበር። እንግሊዝኛ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ባለው ትምህርት ሲጀምር ባልተማረው በር ወደማያውቀው ቤት እንዲገባ ይገደዳል። በአማርኛና በዕብራይስጥ መካከል ያለው ዝምድናም ይቀርበታል። ቤት ባይት ነው፤ ራስ ሮሽ፣ ስም ሼም፣ ልብ ሌቭ፣ ሰማይ ሻማይም፣ ደም ዳም ነው። ይህን የሚያሳይ መምህር ያገኘ ሰው ገና ሳይጀምር ብዙ ቃላት በእጁ እንዳሉ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ የጽሕፈቱ ጠባይ ነው። የዕብራይስጥ ጋዜጣና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ኒኩድ የላቸውም። በሦስት ፊደላት የተጻፈ አንድ ቃል እንደ አገባቡ ሴፌር (መጽሐፍ)፣ ሳፓር (ጸጉር አስተካካይ)፣ ሲፔር (ተረከ) ወይም ሳፋር (ቈጠረ) ተብሎ ሊነበብ ይችላል። አማርኛም ለሚማር ልጅ እንዲሁ ያስቸግራል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ መኖርን ያመለክታል፤ ፊደላችን ግን ይህን አይለይም። ይህን የሚያስለየው ብዙ ማንበብና ብዙ መስማት ነው።

ሦስተኛ፣ የንግግር ወግ ነው። በዕብራይስጥ ወንዱ ስለ ራሱ «አኒ ሆሌኽ» ሲል ሴቷ «አኒ ሆሌኸት» ትላለች፤ በአማርኛ ግን ሁለቱም «እሄዳለሁ» ይላሉ። በአንጻሩ ዕብራይስጥ ለታናሹም ለታላቁም «አታ» ሲል፣ የእኛ ቋንቋ «አንተ» ከማለት ወደ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ይሸጋገራል። ልጁ ከመሣሪያ የተማረውን «አንተ» ለአያቱ ቢናገር ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ነገሩ ይበላሻል። በቅርብ ዓመታት በድምፅ የሚያነጋግሩ ፕሮግራሞች መጥተዋል፤ ለልምምድ ይጠቅማሉ። ሆኖም ፕሮግራሙ ሁልጊዜ ታግሦ ይጠብቃል፣ በኩፓት ሆሊም መስኮት ያለችው ጸሐፊ ግን ፈጥና ትናገራለች፤ ከኋላም ሰልፍ አለ።

ለልጆቻችን አማርኛ

ለአማርኛ የተሰናዳው ፕሮግራም ከዕብራይስጡ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የተሻለ እስኪሠራ መጠበቅ ጉዳት አለው፤ የፕሮግራም ባለሙያ ነገም ይገኛል፣ አያት ግን ሁልጊዜ አትኖርም። ዛሬ በብዙ ቤቶች አያት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልሳል፣ በመካከል ያለችው እናት ትተረጉማለች። አያት «ከልብ አመሰግናለሁ» ስትል ልጁ ስለ ውሻ የተናገረች ሊመስለው ይችላል፤ በዕብራይስጥ ኬሌቭ፣ በግዕዝም ከልብ ውሻ ነውና። አስተርጓሚዋ እናት ከመካከል ብትወጣ የሁለቱ ወሬ ይቋረጣል፤ የትውልድ ሐረጉም፣ የጉዞው ታሪክም አብሮ ይቀራል።

ከዚሁ አገር ምሳሌ እንውሰድ። በ1881 ወደ ኢየሩሳሌም የመጣው ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳ ታላቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቷል፤ ነገር ግን በ1882 የተወለደ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዕብራይስጥ ብቻ አሳደገው። መጽሐፉ ቃሉን ጠበቀ፣ ቤቱ ግን ሕይወት ሰጠው።

እንዴት እንጠቀምበት?

በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበልጣል። ትምህርቱን በዓይን ብቻ ሳይሆን ድምፅ አውጥቶ ማለት ይገባል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት በነፃ የሚሰጠውን ክፍል መሞከር ብልህነት ነው። የተያዙትን አምስት ቃላት በዚያው ቀን በማኮሌት ወይም በአውቶቡስ ላይ ለሰው መናገር ያስፈልጋል።

በቤትም ልውውጥ ይደረግ፤ የልጅ ልጅ ለአያቱ አምስት የዕብራይስጥ ቃል ያስጠና፣ አያትም ለእርሱ አምስት የአማርኛ ቃል ታስጠናው። ፔለፎኑንም ለሌላ ሥራ እናውለው፤ አያት ምጣዱን፣ አክንባሎውን፣ ሞሰቡንና ጀበናውን በስማቸው እየጠራች፣ ምን እንደሚሠራባቸውም እያስረዳች ድምፅዋ ይቀረጽ። ይህ ለቤተሰቡ መማሪያ፣ ለተመራማሪውም ሰነድ ይሆናል። ሰንበት ደግሞ ፔለፎኑ የሚዘጋበት ቀን ነውና በሳምንቱ የተያዘው ሁሉ በማዕድ ዙሪያ ይነገርበት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። ፕሮግራሙን ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ የሌላችሁም አትቸገሩ። ልጆቻችሁን ግን ዛሬ ማታ በአማርኛ አነጋግሯቸው፤ በዕብራይስጥ ቢመልሱላችሁም አታቋርጡ።