የትኛው ሥራ አይቆምም?



በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገባ። በዚያው ወር ባሕር ዳር ላይ ሕዝቡ ለ14 ቀን ከቤት እንዳይወጣ ታዘዘ። ታዲያ ሁሉም ሰው ቤቱ ቢቀመጥ ማን ያበላናል? ማን ያክመናል?

ሥራን በክብሩ ወይም በገቢው አንለካም። «ለሳምንት ቢቆም ማን ይጎዳል?» ብለን እንጠይቅ። በእኛ በጎንደር እንየው። ሐኪሙ አይቆምም። ቆሻሻ የሚያነሣውም አይቆምም። ከዳባት እህል ጭኖ የሚወርደው ሾፌር ቢቀር ገበያው ባዶ ይሆናል። ወፍጮ ቤቱ ቢዘጋ ገብሱ በጎታ እያለ ልጆች ይራባሉ።

ጠላ ቤት ግን ሰው ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥበት ይዘጋል። ጠላ ሻጯም ልጆች አሏት። እንግዲህ «ዝጊ» ስንላት፣ ቀበሌውና ዕድሩ ቀለቧን ያስቡላት።